የተዘጋው ዲስክና የመክፈቻው ባለቤት

ከአንኮበር ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ዳር የተቀመጠችው አሊዩ አምባ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ከታጁራና ከሐረር ለሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሸዋ ኆኅት ነበረች፤ ጨውና ቡና፣ ጨርቅና፣ ወዮ፣ ባሪያም ጭምር በገበያዋ ሲለዋወጥ፣ ወደ ንጉሡ ግዛት የሚገባውን እንግዳና ጭነቱን የማየት ሥልጣን የማን እንደሆነ የማይጠየቅበት ቀን አልነበረም። እንግሊዛዊው መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. እልፍ ገጸ በረከቱን አስጭኖ ያለፈው፣ የአገሩ ልጅ ቻርልስ ጆንስተንም በተከታዩ ዓመት ለወራት የተቀመጠው በዚችው አምባ ነው።

ዛሬ ጭነቱ ተለውጧል። በዚያው ዳገት የሚወጣና የሚወርደው የጤና ባለሙያ፣ የገቢዎች ሠራተኛ ወይም በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአምባው ልጅ በትከሻው ያነገተው ላፕቶፕ የብዙ ሰው ስም፣ ሕመም፣ ዕዳና ምስጢር የተጻፈበት መዝገብ ነውና፣ መሣሪያው ቢሰረቅ፣ ቢጠፋ ወይም በኬላ ላይ ቢያዝ መዝገቡን ማን ሊያነብ እንደሚችል መጠየቅ ግድ ይላል። ለዚህ ጥያቄ አምራቾች ካቀረቡት መልስ አንዱ፣ ዲስኩ ራሱ ራሱን እንዲመሰጥር ማድረግ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በዲስኩ ላይ የተተከለው ቺፕ የሚገባውን ጽሑፍ ሁሉ ሁለቱ የቤልጂግ ሊቃውንት ዮአን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን በቀመሩት፣ የአሜሪካ መንግሥትም በ2001 እ.ኤ.አ. በተቀበለው ኤ.ኢ.ኤስ. በሚባለው ሥርዓት ይመሰጥራል፤ ምስጠራው የሚፈጸምበት ውስጠኛው ቁልፍ ከዲስኩ ከቶ አይወጣም፤ ባለቤቱ የሚጽፈው የይለፍ ቃል ደግሞ ያንን ውስጠኛ ቁልፍ ለመፍታት ብቻ ያገለግላል። ትረስትድ ኮምፒውቲንግ ግሩፕ የተባለው ማኅበር በ2009 እ.ኤ.አ. ኦፓል ብሎ የሰየመው ደንብ ይህንኑ አሠራር ለሁሉም አምራች አንድ ወጥ ለማድረግ የወጣ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የኮምፒውተሩን ፍጥነት አይነካም፣ ውስጠኛው ቁልፍ ሲለወጥም ዲስኩ ላይ የነበረው ሁሉ በቅጽበት የማይነበብ ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፤ ባለቤቱ የይለፍ ቃል ካላበጀለት ዲስኩ ለማንም ይከፈታል፣ አንድ ጊዜ ተከፍቶም ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ ድረስ እንደ ተከፈተ ይቆያልና፣ ላፕቶፑን በእንቅልፍ ሁኔታ ክዳኑን ብቻ ዘግቶ መንገድ የሚወጣ ሰው ቆለፍሁ ቢልም አልቆለፈም።

ሊቃውንቱን ያከራከረው ግን ከዚህ ይከብዳል። በ2018 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች ካርሎ ማየርና በርናርድ ፋን ኻስተል የክሩሻልንና የሳምሰንግን ኤስኤስዲ የተባሉ ታዋቂ ዲስኮች ፈትተው ቢመረምሩ፣ በአንዳንዶቹ የባለቤቱ የይለፍ ቃልና ውስጠኛው ቁልፍ ከቶ ያልተያያዙ ሆነው አገኟቸው፤ የዲስኩን ውስጣዊ ፕሮግራም የለወጠ ሰው ማንኛውንም ቃል ቢጽፍ ዲስኩ ይከፈትለታል። በአንደኛው የክሩሻል ዓይነት ላይም አምራቹ ያኖረው ዋና የይለፍ ቃል ባዶ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት በሦስት ሰዎች ቁልፍ ተቆልፎ ሳለ የጀርባው ሳንቃ ያለ ምስማር ቢገኝ ምእመናን የሚሰማቸውን ድንጋጤ ያህል ድንጋጤ በመላው ዓለም ተሰማ። ይልቁንም የዊንዶውስ የምስጠራ ፕሮግራም ቢትሎከር የዲስኩን ምስጠራ አምኖ የራሱን ሥራ ለእርሱ ይተውለት ስለነበር፣ በሶፍትዌር ተጠብቄአለሁ ያለ ብዙ ሰው ሳያውቀው በዚያው ሳንቃ ላይ ተደግፎ ነበር፤ ማይክሮሶፍትም በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን ልማድ ትቶ ቢትሎከር ራሱ እንዲመሰጥር አደረገ። ኢንቴል ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤ.ኢ.ኤስ.ን የሚያፋጥን ትእዛዝ በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ አስገብቶ ነበርና፣ ለዲስኩ ምስጠራ ይቆም የነበረው የፍጥነት ክርክር አስቀድሞ ደክሞ ነበር።

በአገራችን ጥያቄው ከዕቃው ይልቅ በሕጉ በኩል ከብዷል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ዞን ዘጠኝ በሚል ስም ይጽፉ የነበሩ ስድስት ወጣቶችና ሦስት ጋዜጠኞች ተይዘው በሐምሌ በጸረ ሽብርተኝነቱ አዋጅ ሲከሰሱ፣ በክሱ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ ጽሑፍንና መልእክትን በምስጠራ ለመጠበቅ የሚያስተምር ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በአምስቱ ላይ የቀረበው ክስ ተነሣ፤ የቀሩት አራቱም በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብርተኝነቱ ክስ ነጻ ተባሉ። የራስን ምስጢር መጠበቅ ለክስ ማስረጃ ሆኖ መቅረቡ ግን በብዙዎች ኅሊና የተከለው ፍርሃት በፍርዱ አብሮ አልተሰረዘም። ሕጉም በሁለት አፍ ይናገራል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ሲያስከብር፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ የመሣሪያውን የጥበቃ ሁኔታ በሥራው የሚያውቅ ሰው ለምርመራ የሚረዳ መረጃ እንዲሰጥ ሊታዘዝ እንደሚችል ይደነግጋል። መርማሪ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚጠይቀው ሌላ፣ ዲስክ መቆለፉን ብቻ አይቶ ጥፋተኛ ማለት ሌላ መሆኑን ለይቶ የሚያስረዳ ግልጽ መመሪያ ያስፈልጋል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ ተገቢ የቴክኒክ ጥበቃ እንዲያደርግ ካዘዘ በኋላ፣ መቆለፍ ጥርጣሬን የሚያመጣ ሳይሆን ግዴታን የሚፈጽም ሥራ ነውና።

ለግለሰቡ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። ከዱባይ በአሮጌ ዕቃነት የመጣ ላፕቶፕ የገዛ ሰው የዲስኩን ዓይነት አያውቅምና በዲስኩ ምስጠራ ብቻ አይመካ፤ እንደ ቢትሎከር፣ በሊነክስ እንደ ላክስ፣ ወይም እንደ ቬራክሪፕት ያለ የሶፍትዌር ምስጠራን በረዥም የይለፍ ሐረግ ይጠቀም፤ መንገድ ሲወጣም ኮምፒውተሩን ጨርሶ ያጥፋ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ሥራውን በኢንተርኔት ማስቀመጥ ያልቻለ ሰው እንደሚያውቀው፣ የላፕቶፑ ቅጂ ብቸኛ ቅጂ ሊሆን ይችላል፤ የተመሰጠረ ዲስክ የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ደግሞ ፎርማት ከማድረግ በቀር ጠጋኝ የሚያደርግለት ነገር የለም። ስለዚህ የመልሶ ማግኛውን ቁልፍ በወረቀት ጽፎ ከላፕቶፑ ተለይቶ በሚቀመጥ ስፍራ ማኖር፣ ሁለተኛውንም ቅጂ በሌላ በተመሰጠረ ዲስክ መያዝ ያሻል። የመረጃ ጥበቃውን አዋጅ እንዲያስፈጽም ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም፣ የሕዝብ መዝገብ የሚይዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ያልተመሰጠረ ላፕቶፕ አስይዘው መንገድ እንዳይልኩ በመመሪያ ያዝዝ።