መርከቡ ጥሎት የሄደው አሰልጣኝ

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ እግር ኳስና ስለ ሯጮቻችን ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ብዙም ወደማናውቀው ጨዋታ ጎራ እንበል። ኬንያ ውስጥ የኖረ ሰው ራግቢ የሚባለውን፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው እየተጓተቱ የሚጫወቱትን ስፖርት በቴሌቪዥን ሳያይ አይቀርም። የዛሬው ባለታሪካችን የዚያ ጨዋታ ሰው ነው። ስሙ ሮይ ፍራንሲስ ይባላል። ጥቁር ነው፣ የዌልስ ልጅ ነው። በተጫዋችነቱ በቆዳው ቀለም የተነሳ በር ተዘግቶበት፣ በአሰልጣኝነቱ ግን ለሌሎች በር የከፈተ ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእንጀራ ጉዳይ የተለያየ ጨዋታ

ራግቢ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ዩኒየን፣ ሌላው ሊግ ይባላል። የተለያዩት በምን መሰላችሁ? በእንጀራ ጉዳይ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ጨዋታውን የሚጫወቱት የከሰል ቆፋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቅዳሜ ከሥራ ቀርተው ሲጫወቱ የዕለት ደሞዛቸው ይቆረጣል። የቀረባቸው እንዲካስላቸው ቢጠይቁ የበላይ አካሉ እምቢ አለ። ለሀብታም ልጅ ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ለሠራተኛው ግን የልጆቹ ዳቦ ነው። በመጨረሻም ነሐሴ 1895 ከ20 በላይ ክለቦች ሀደርስፊልድ ከተማ ላይ መክረው ተገነጠሉ። ራግቢ ሊግ የተወለደው ያኔ ነው። በኋላም የተጫዋቾቹን ቁጥር ከ15 ወደ 13 ዝቅ አድርገው የራሳቸውን ሕግ አወጡ።

ዩኒየን ግን ቂሙን አልረሳም። ከሊግ ክለብ ገንዘብ የተቀበለ ተጫዋች ወደ ዩኒየን መመለስ አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ ከዌልስ ወደ ሰሜን የሄደ ልጅ የሄደው መመለሻ ወደሌለው ቦታ ነው።

የብሪንማወሩ ልጅ

ሮይ ፍራንሲስ በ1919 ተወለደ፤ ያደገው ብሪንማወር በምትባል የደቡብ ዌልስ ትንሽ ከተማ ነው። በ1930ዎቹ አካባቢው ሥራ አጥነት ክፉኛ የመታው ነበር። ልጁ ግን እግሩ ፈጣን ነበር። በ1936፣ በ17 ዓመቱ፣ ዊገን የተባለው ታላቅ የሊግ ክለብ አስፈረመው። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1939፣ ወደ ባሮው ክለብ ተዛወረ። ወዲያው ጦርነቱ መጣና ወታደር ሆነ። በሠራዊቱ ውስጥ የአካል ብቃት አሠልጣኝ ሆኖ አገለገለ። ሰውን ማሠልጠን የለመደው እዚያ ነው ማለት ይቻላል።

ጦርነቱ አበቃ። በ1946 የታላቋ ብሪታንያ ቡድን ወደ አውስትራሊያ ሊጓዝ ተዘጋጀ። በዚያን ዘመን ለአንድ ተጫዋች ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም። ቡድኑ ኢንዶሚተብል በምትባል የጦር መርከብ ተሳፍሮ ሄደ። ሮይ ግን የለበትም። ችሎታ አንሶት እንዳይመስላችሁ። አውስትራሊያ ከ1901 ጀምሮ ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳይገባባት የሚከለክል ፖሊሲ ነበራት። የብሪታንያ ራግቢ ሹማምንትም ከአስተናጋጆቹ ጋር ላለመቀያየም ሲሉ ጥቁሩን ተጫዋች እንደተዉት የጨዋታው ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ቡድኑ ከአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን ጋር ባደረጋቸው ጨዋታዎች ሁለቱን አሸንፎ በአንዱ አቻ ወጥቶ ተመለሰ። ሮይ ይህን የሰማው አገሩ ሆኖ ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ ታኅሣሥ 1947፣ ኒውዚላንድ እንግሊዝ መጣች። ለዚህ መርከብ አያስፈልግም፤ ሮይ ተመረጠ። የታላቋ ብሪታንያን የሊግ ማልያ የለበሰ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፤ በዚያ ጨዋታም ሁለት ትራይ አገባ። (ትራይ ማለት ኳሱን ከተጋጣሚ መስመር አሳልፎ መሬት ላይ ማሳረፍ ነው።) ይሁንና ለአገሩ ዳግመኛ አልተጠራም። በጠቅላላው በ356 ጨዋታዎች 229 ትራይ ያስቆጠረ ሰው፣ የአገር ማልያ የለበሰው አንድ ቀን ብቻ!

ከማልያ ወደ ፊሽካ

ሌላ ሰው ቢሆን በምሬት ያልቅ ነበር። ሮይ ግን ወደ ሀል ክለብ ሄደና መጀመሪያ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆነ፣ ኋላም አሰልጣኝ ብቻ። በብሪታንያ በየትኛውም ትልቅ ፕሮፌሽናል ስፖርት አሰልጣኝ የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ እንደሆነ ይነገራል።

ታዲያ ምን አዲስ ነገር አመጣ? በዚያን ዘመን ልምምድ ማለት ሜዳውን ዙሪያ መሮጥ ነበር። ሮይ ግን ግዙፎቹን የፊት ተሰላፊዎች እንደ አጭር ርቀት ሯጭ ያሮጣቸው ጀመር። ክብደት አስነሣቸው። የጨዋታ ፊልም እያሳየ ስህተታቸውን አሳያቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጫዋቹ ቤት እንዳለው አልረሳም። ሚስቶቻቸው ጨዋታ እንዲያዩ መጓጓዣ ያዘጋጅ ነበር፤ ቤት ውስጥ ችግር ያለበት ልጅ ሜዳ ላይ ልቡ እንደማይገኝ ያውቃልና። ዛሬ ትልልቅ ክለቦች ባለሙያ ቀጥረው የሚያሠሩትን እሱ በ1950ዎቹ ለብቻው ይሠራው ነበር።

ፍሬውም ታየ። ሀል በ1956 ሃሊፋክስን 10 ለ 9፣ በ1958 ደግሞ ወርኪንግተንን 20 ለ 3 አሸንፎ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። የዌምብሌው ዋንጫ ግን እምቢ አለው። በ1959ም በ1960ም ለፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ተሸነፈ።

በ1961 አንድ ወታደር ልጅ ለሙከራ ሀል መጣ። ክላይቭ ሱሊቫን ይባላል፤ እሱም ከዌልስ የመጣ ጥቁር ነው። በልጅነቱ እግሮቹ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ስለተደረገላቸው ደህና መራመዱ እንኳ ያጠራጥር ነበር። ሮይ በሚመራው ክለብ ፈረመ። ይህ ልጅ በ1972 የታላቋ ብሪታንያ አምበል ሆኖ የዓለም ዋንጫን አነሣ። የብሪታንያን ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። በሀል ከተማ ዛሬም አንድ አውራ ጎዳና በስሙ ይጠራል።

ዝናብ የወረደ ዕለት

ሮይ በ1963 ወደ ሊድስ ተዛወረ። ግንቦት 1968 ቡድኑን ይዞ እንደገና ዌምብሌ ገባ፤ ተጋጣሚው ዌክፊልድ ነው። ዶፍ ዝናብ ወርዶ ሜዳው ኩሬ ሆኗል። ተጫዋቹ ሲወድቅ ውሃው ላይ ይንሸራተታል። ከ87,000 በላይ ሕዝብ ይመለከታል። ሊድስ 11 ለ 7 እየመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ዌክፊልድ ትራይ አገባ፤ 11 ለ 10 ሆነ። ከትራይ በኋላ የምትመታው ኳስ ከገባች ሁለት ነጥብ ታስገኛለች፤ ዋንጫውም የዌክፊልድ ይሆናል። ኳሷ የተቀመጠችው ልክ ከጎሉ ፊት ለፊት ነው። መቺው ዶን ፎክስ የዕለቱ ኮከብ ተብሎ የተመረጠ ሰው ነው። መታት... ስታለች! ሮይ ፍራንሲስ ሁለት ጊዜ የተነፈገውን ዋንጫ በሦስተኛው አገኘ።

ከዚያስ ወዴት ሄደ? ወደ አውስትራሊያ! በ1969ና በ1970 የኖርዝ ሲድኒ ክለብ አሰልጣኝ ሆነ። ከ23 ዓመት በፊት መርከቡ ጥሎት የሄደበት አገር፣ ተጫዋቾቹን እንዲያስተምርለት ጠራው። ከዚያ ተመልሶ ሀልን፣ ሊድስን (በ1975 ሌላ ዋንጫ አግኝቷል)፣ ብራድፎርድን አሠለጠነ። በ1989 ዓለምን ተሰናበተ። በ2023 ባደገባት በብሪንማወር ሐውልት ቆመለት።

ለእኛስ?

በዚህ ካምፕ በየማታው ሜዳ ዳር ቆማችሁ ልጆች የምታሠለጥኑ ወንድሞችና እህቶች አላችሁ። ከመካከላችሁ በወረቀት እጦት፣ በድንበር ወይም በእድሜ ምክንያት የሚገባችሁን ማልያ ሳትለብሱ የቀራችሁ አትጠፉም። የሮይ ታሪክ «ምንም አይደለም» አይላችሁም። የተወሰደበት ነገር ተወስዷል፤ የ1946ቱን ጉዞ ማንም አልመለሰለትም። ነገር ግን የሚያውቀውን ይዞ አልተቀመጠም። ልጁን በስሙ ጠርቶ፣ ቤቱን ጠይቆ፣ ሩጫውን አርሞ ለቀቀው። እሱ ያልደረሰበት ቦታ ክላይቭ ሱሊቫን ደረሰ።

ነገ ማታ ልምምድ ላይ ከቡድናችሁ አንዱ ልጅ ቢቀር፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ቤቱ ጎራ በሉና ምን እንዳጋጠመው ጠይቁት።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን።