ጥቂት የሄደ፣ ብዙ የቆመ ሞተር ሳይክል ሲገዛ፦ ከዋጋው በፊት ምን ይታይ?

ምርት ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ባሉት ወራት በብዙ አርሶ አደር ቤት አንድ ጥያቄ ይነሣል። ከእህሉ ሽያጭ የተረፈው ገንዘብ ምን ላይ ይዋል? ቤት ለማደስ፣ በሬ ለመጨመር ወይስ ሞተር ሳይክል ለመግዛት? መኪና እንደ ልብ በማይገኝበት ቀበሌ ለሚኖር ቤተሰብ ሞተር ሳይክል የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ወተቱ ሳይበላሽ ገበያ ይደርስበታል፤ ለከብቶቹ መድኃኒት በዕለቱ ይመጣበታል፤ ሌሊት የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ ይደርስበታል።

ይሁን እንጂ የአዲስ ሞተር ሳይክል ዋጋ ከብዙዎች አቅም በላይ ነው። ስለዚህ የገዢው ዓይን ወደ ሁለት ዓይነት ሞተር ሳይክሎች ያርፋል። አንደኛው ባለቤቱ ጥቂት ነድቶ የሚሸጠው ነው። ሁለተኛው አዲስ ሆኖ ሳለ ገዢ በማጣት በመደብር የቆየው ነው። በሁለቱም ላይ የሚነገረው ማባበያ ተመሳሳይ ነው፤ “ብዙ አልሄደም” ይባላል። ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ብዙ አለመሄድ ብቻውን የጤንነት ማረጋገጫ አይደለም። ያልሄደ ሞተር ሳይክል የቆመ ሞተር ሳይክል ነው፤ ያለ እንክብካቤ መቆምም እንደ መሄድ ሁሉ ይጎዳል።

ቆጣሪው የሚለውና አካሉ የሚለው

በሳምንት ሁለት ቀን 20 ኪሎ ሜትር ወደሚርቅ ገበያ ሄዶ የሚመለስ አርሶ አደር በዓመት ከ4 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። በሳምንት አምስት ቀን በየቀኑ 40 ኪሎ ሜትር የሚንቀሳቀስ የልማት ሠራተኛ ደግሞ በዓመት ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ አራት ዓመት ያገለገለ ሞተር ሳይክል ቆጣሪው 4 ሺህ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ለረጅም ጊዜ ቆሟል፣ ወይ ቆጣሪው ተቋርጦ ወይም ተቀይሮ ነበር።

ይህን ለመለየት የሚረዳው ቆጣሪው ሳይሆን የእጅና የእግር ምልክት ነው። የእግር መርገጫው ላስቲክ አልቆ ከሆነ፣ የመሪው መያዣ ልሙጥ ሆኖ ከሆነ፣ የማርሽ መቀየሪያው ጫፍ ተፍቆ ካበራ ብዙ ተነድቷል። የፍሪሲዮንና የፍሬን መጨበጫዎች ጫፍ፣ የመሪው ጫፍና የእግር መርገጫው ጠርዝ ተቧጭረው ከተገኙ ደግሞ ወድቆ ያውቃል። መውደቅ ብቻውን ግዢውን አያስቀርም። አሳሳቢው የተጣመመ ቴላዮ ነው። መሪው ከቴላዮው ጋር በሚገናኝበት ቦታ አዲስ ቀለም፣ ስንጥቅ ወይም ከፋብሪካ ያልወጣ ብየዳ ከታየ ሻጩ በቂ ማብራሪያ ሊሰጥ ይገባል።

የጎማው ዘመን የማን ዘመን ነው?

በጎማው ጎን ላይ በአንድ ክብ ቅርጽ ውስጥ የታተሙ አራት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ለምሳሌ “3518” የሚል ቁጥር ጎማው በ2018 በ35ኛው ሳምንት መሠራቱን ይነግራል።

እዚህ ላይ አንድ የኢትዮጵያ ገዢ ብቻ የሚገጥመው ወጥመድ አለ። ቁጥሩ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከላይ የተጠቀሰው ጎማ የተሠራው በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2010 ዓ.ም ማብቂያ ነው። ቁጥሩን እንደ ኢትዮጵያ ዘመን የሚያነብ ሰው ጎማውን ከእውነተኛ ዕድሜው በ7 ወይም በ8 ዓመት ያሳንሰዋል። በሞተር ሳይክሉ አካልና በሰነዱ ላይ የሚገኘው የሥሪት ዘመንም በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ መጠየቅ ይገባል።

ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖም ሊያረጅ ይችላል። ፀሐይና ጊዜ ላስቲኩን ያደርቁታል፤ በጎኑ ላይ ደቃቅ ስንጥቆች ይፈጠራሉ፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ በየጊዜው በጥንቃቄ ሊታይ፣ አሥር ዓመት የሞላው ግን ምንም ያህል አዲስ ቢመስል ሊቀየር ይገባዋል።

መቆም የሚያመጣው ጉዳት

በማጠራቀሚያ ውስጥ ወራት የቆየ ቤንዚን ይበላሻል። ቀላሉ ክፍል ተንኖ ሲያልቅ የሚቀረው ሙጫ መሰል ዝቃጭ የካርቡሬተሩን ጠባብ ቀዳዳዎች ይደፍናል። ማጠራቀሚያው ግማሽ ሆኖ ከቆመ ደግሞ ባዶው ክፍል በእርጥበት ይዝጋል። ክዳኑን ከፍቶ በእጅ ባትሪ ማየትና ማሽተት በቂ ምልክት ይሰጣል። ቤንዚኑ እንደ ቫርኒሽ ከሸተተ ወይም ውስጡ ቀይ ዝገት ከታየ ካርቡሬተሩም ማጽዳት ሊያስፈልገው እንደሚችል መገመት ይቻላል።

ባትሪም ሳይሠራ ሲቀመጥ ይዳከማል። የሞተር ሳይክል ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ያሳያል። ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ ቴስተሩ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ሊያነብ ይገባል። ንባቡ ካልጨመረ ችግሩ ከባትሪው ያለፈና በባትሪ መሙያው ክፍል ያለ ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ሞተር ሳይክሉ ባይነዳም በየሁለት ዓመቱ መቀየር ይመከራል፤ ጠቁሮ ወይም ቡናማ ሆኖ ከታየ ጊዜው አልፏል። በመጋዘን ወይም በጎተራ አጠገብ የቆመ ከሆነ ደግሞ በመቀመጫው ሥር ያሉ ገመዶችን አይጥ አለመብላቷን ማየት ያስፈልጋል።

ከመደብር የሚገዛው ቆይቶ የከረመ አዲስ ሞተር ሳይክልም ከዚህ አያመልጥም። ገዢው ዋጋው የቀነሰበትን ምክንያትና ከውጭ የገባበትን ጊዜ ሊጠይቅ ይገባል። ባትሪው እንዲቀየር፣ የሞተርና የፍሬን ዘይቱ እንዲታደስ በዋጋው ውስጥ መደራደር ይችላል። ዋስትናው መቆጠር የሚጀምረው ከሽያጩ ቀን መሆኑም በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል። መልሶ መሸጥ ሲመጣ ቀጣዩ ገዢ የሚያየው የተገዛበትን ሳይሆን የተሠራበትን ዓመት ነውና ቅናሹ ይህንን የሚያካክስ መሆን አለበት።

በቀዝቃዛው ማስነሣት

ገዢው ወደ ሻጩ ዘንድ በጠዋት መሄዱና “ሳልመጣ አታስነሣው” ማለቱ ጠቃሚ ነው። እንደደረሰ እጁን ወደ ሞተሩ ያስጠጋ። ሞቆ ከተገኘ ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነው። በብርድ አልነሣ ማለት ደግሞ ብዙ ጉድለት የሚገለጥበት ምልክት ነው።

ጭሱም ይናገራል። በባለ አራት ምት ሞተር ከማርሚታው የማያቋርጥ ሰማያዊ ጭስ መውጣቱ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ የፒስተኑ ፋሻ ወይም የቫልቩ ክፍል ማለቁን ያመለክታል፤ ጥገናውም ውድ ነው። ጥቁር ጭስ ከሚገባው በላይ ቤንዚን መቃጠሉን ያሳያል፤ ብዙውን ጊዜ በማስተካከል ይፈታል። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉ፣ በመስክ ሥራ የሚታወቁ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክሎች ግን ዘይት ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥሉ መጠነኛ ሰማያዊ ጭስ ተፈጥሯቸው ነው።

ቀጥሎ ካቴናው ይታይ። ካቴናውን ከኋላው ባለ ጥርስ ክብ ብረት ላይ በጣት ወደ ኋላ መሳብ ነው። ከጥርሱ ግማሽ ያህሉ ከተገለጠ ካቴናው አልቋል። ጥርሶቹ እንደ ማጭድ ጎብጠው ከሆነ ካቴናውና ጥርሳሞቹ ብረቶች አብረው ይቀየራሉ። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ መሪውን ቀስ ብሎ ማዞርም ይገባል። መሐል ላይ የሚይዝ ነገር ካለ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። በፊተኛው አሞርዛተር ዘንግ ላይ የዘይት እርጥበት ከታየ የዘይት መያዣ ላስቲኩ ተቀድዷል። ራጂ ያለው ቸርኬ ከሆነ እያንዳንዱን ራጂ በትንሽ ብረት መምታት ነው፤ የላላው ድምፁ ከሌሎቹ ይለያል።

ከቆላ ወደ ደጋ

የአገራችን መልክዓ ምድር ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በመተማ ቆላ ለዓመታት ተስተካክሎ የተነዳ ባለ ካርቡሬተር ሞተር ሳይክል ወደ ደጋ ሲወጣ አየር ያንሰዋል፤ ቤንዚን ይበዛበታል። ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ የቤንዚን ወጪውም ይጨምራል። ይህ የሞተር ጉድለት ባለመሆኑ ገዢውን ሊያስደነግጠው አይገባም፤ ካርቡሬተሩን የሚያውቅ መካኒክ ያስተካክለዋል። ነገር ግን ከቆላ የመጣውን ሞተር ሳይክል በደጋ ዳገት ላይ ሁለት ሰው ጭኖ ሳይሞክሩ መግዛት ተገቢ አይደለም።

ወረቀቱ ከብረቱ ይቀድማል

ብልሽት በገንዘብ ይጠገናል፤ የተበላሸ ሰነድ ግን ሙሉውን ገንዘብ ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ሊብሬው በእጅ ተይዞ የሞተር ቁጥሩና የሻንሲ ቁጥሩ ከብረቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳከር አለበት። የተፋቀ፣ የተቀባ ወይም እንደገና የተመታ የሚመስል ቁጥር ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ መተው ይሻላል።

በሊብሬው ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ ሊገጣጠሙ ይገባል። ሻጩ ወኪል ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑ ይረጋገጥ። ንብረቱ የባልና የሚስት ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለብድር ዋስትና ማስያዝን የሚመለከት ራሱን የቻለ አዋጅ በሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ ሞተር ሳይክሉ በብድር አለመያዙንና እገዳ የሌለበት መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል፤ ፋይሉ የሚገኝበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ዋነኛው መነሻ ነው።

ከመሥሪያ ቤትና ከግብረ ሰናይ ድርጅት በጨረታ የሚወገዱ ሞተር ሳይክሎች የአገልግሎት መዝገብ ስላላቸው ጥሩ ዕድል ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም ከቀረጥ ነፃ የገባ ንብረት ይህ መብት ወደሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት። ይህን የሚከፍለው ማን እንደሆነ በጨረታ ሰነዱ ላይ ማንበብ ግድ ነው። ብዙውን ጊዜም በጨረታ የሚሸጠው ንብረት ባለበት ሁኔታ ስለሆነ ከዋጋ ማቅረቢያው በፊት መካኒክ ይዞ ማየት ያስፈልጋል።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ገዢው እያወቀ ለተቀበለው ወይም ግልጽ ሆኖ ለሚታይ ጉድለት ግን ይህ ጥበቃ አያገለግልም። በቃል የተነገረው ሁሉ በውሉ ላይ በጽሑፍ መስፈር ያለበት ለዚህ ነው። ዓመታዊ ምርመራው ስለ መደረጉ ቦሎው ይመሰክራል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ደግሞ ግዴታ ነው፤ የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ የሚደርስን ጉዳት እንጂ የራስን ሞተር ሳይክል ስርቆት አይደለም።

የመጨረሻው ሒሳብ

እውነተኛው ዋጋ ሻጩ የጠራው አይደለም። በእሱ ላይ ጎማ፣ ባትሪ፣ ካቴና፣ የካርቡሬተር ጽዳት፣ የስም ማዛወሪያና የመድን ወጪ ይደመራል። የአካባቢው መለዋወጫ መደብር ዋጋ ተጠይቆ ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ሲሰላ “ርካሽ” የተባለው ከደህናው የሚበልጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። መለዋወጫው በወረዳው ከተማ የማይገኝ ሞተር ሳይክል ደግሞ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን አንድ ዕቃ በተሰበረ ቁጥር ለሳምንታት ይቆማል። ለዚህም ነው በየከተማው መካኒክ የሚያውቀው ባለ 150 ሲሲው ቦክሰር ከማይታወቀው ፈጣን ሞተር ሳይክል ይልቅ ለገጠር ሥራ የሚመረጠው።

ከገዙ በኋላም የመጀመሪያው ሥራ የሞተር ዘይቱን መቀየር ነው። አዲስ ከሆነ ብዙ አምራቾች ከመጀመሪያዎቹ 500 እስከ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ ዘይቱ እንዲቀየር ያዝዛሉ። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው። መንጃ ፈቃድና የራስ መከላከያ ቁር። ሞተር ሳይክሉ ባለቤቱን ከገበያ ይዞ ሊመለስ ነው የተገዛው፤ የዓመት ድካም የወጣበት ገንዘብ ዋጋውን የሚያገኘው ሰውየው በሰላም ቤቱ ሲገባ ነው።