ከተማውን ለቀው እርሻ ሲገቡ የልጆቹ አማርኛስ?



“ምነው ይሄን ሩጫ ትቼ ገጠር በገባሁ!” ብላችሁ አታውቁም? ከትምህርት ቤታችን ቤተሰቦች አንዱ አደረገው። ከዋሽንግተን አካባቢ ተነስተው ሸናንዶዋ ሸለቆ፣ ቨርጂኒያ ገቡ። ጎመን፣ ቃሪያና ጥቂት ጤፍ ይዘራሉ።

እናትየዋን እንቅልፍ የነሳት ብድሩ አልነበረም። “የቅዳሜውን አማርኛ አሳጣኋቸው” የሚለው ሐሳብ ነበር። እውነቷን ነው፤ እዚያ አማርኛ የሚናገር ጎረቤት የላቸውም።

ግን እርሻው ራሱ ማስተማር ጀመረ። እኛ ክፍል ውስጥ የአረም ሥዕል ስናሳይ ልጆቹ ያዛጋሉ። እዚያ ግን ቡቃያው ጤፍ ሣር ስለሚመስል መጠየቅ ግድ ነው። “ማሚ፣ ይሄ ይነቀል?” “ኧረ ተዪው፣ ጤፍ ነው!” መኮትኮት፣ ማረም፣ ማጨድ፣ መውቃት፤ ቃላቱ በእጅ ገቡ።

ትልቁ ለውጥ ስልክ ላይ ነው። ድሮ ትንሿ ልጅ ጎጃም ካሉት አያቷ ጋር የምታወራው “ደህና ነዎት? ደህና ነኝ” ብቻ ነበር። አሁን “እማማ፣ ጤፍ ዘራን” ስትላቸው፣ “መሬቱ ስንት ጊዜ ታረሰ? ጤፍ እኮ የለሰለሰ አፈር ይወዳል” ይሏታል። አያት አስተማሪ ሆኑ።

ፊደሉን እርሻ አያስተምርም። ስለዚህ እሑድ እሑድ በቪዲዮ አብረውን ያነባሉ።

ሁላችንም እርሻ አንገዛም። በረንዳ ላይ ጤና አዳም ወይም በሶብላ መትከል ግን አያቅተንም። ልጃችሁ ያጠጣው፣ ይኮትኩተው። ሲበቅል ለአያቱ ደውሎ እሱ ራሱ ይንገራቸው።