ቫልቭ ቤት ውስጥ ሲወጣ

ቴስታታው ከወረደ በኋላ ቫልቭ ለማውጣት ብቻ ጋራዥ መሄድ ግዴታ አይደለም። የሞላ መጫኛ ግን ያስፈልጋል። በካቻቪቴና በጉልበት የሚታገሉ አሉ፤ እኔ አልመክርም። መነጽር አድርጉ፤ የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ምሕረት የለውም።

ካምሻፍቱ ከወጣ በኋላ ሥራውን የሚያጓትተው አንድ ነገር ነው፦ ሞላውን የያዙት ሁለት ትንንሽ ግማሽ ሾጣጣዎች ከሞላው ቆብ ጋር ይጣበቃሉ። ከቫልቩ ራስ ሥር እንጨት ደግፉ፣ ቆቡ ላይ ልክ የሆነ ቡሶላ አስቀምጡና በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት፤ ይላቀቃሉ። ከዚያ ሞላውን ጨምቃችሁ በማግኔት ልቀሟቸው።

ቫልቩ እንቢ ካለ አትደብድቡት። የዘንጉ ጫፍ ተመትቶ ተመትቶ ጠርዝ አውጥቶ ሊሆን ይችላል፤ በደቃቅ ሞረድ አለስልሱት። እንዲሁ ከተጎተተ ጋይዱን ይፍቀዋል።

እያንዳንዱ ቫልቭ ከራሱ መቀመጫ ጋር ተላምዷል። ስለዚህ ካርቶን በስታችሁ በቁጥር ደርድሯቸው፤ 16 ቫልቭ ያለው የቶዮታ ሞተር ላይ ማምታታት ቀላል ነው። (ትልልቆቹ የማስገቢያ፣ ትንንሾቹ የማስወጫ ናቸው።) ኦይል ሲሎቹን መልሳችሁ አትግጠሙ። የተጣመመ ቫልቭ ካገኛችሁም ለማቃናት አትሞክሩ፤ በአዲስ ቀይሩት።