የመዝገብ ጥበብና የአንዲት ፊደል ነገር

የአባቴ ስም ኃይሉ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ማስረጃ ለማውጣት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ጸሓፊው በኮምፒዩተሩ ስሜን ፈልጎ «የለህም» አለኝ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሠራተኛ «ኃ»ን ትቶ በ«ሀ» ቢጽፈው ስሜ ወዲያው ወጣ። ቆሜ ሳለሁ የለህም ያሰኘኝ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ስፈልግ፥ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ በቃሁ።

በኮምፒዩተር ተደራጅቶ የሚቀመጥ መዝገብ ዳታቤዝ ይባላል። ዛሬ በብዙ ቦታ ለሚሠራበት ዐይነት መሠረት የጣለው የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ኤድጋር ኮድ ነው። እርሱ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ መረጃ በሠንጠረዥ እንዲቀመጥ አሳሰበ። ለምሳሌ በአንዱ ሠንጠረዥ የተማሪው መለያ ቍጥርና ስም፥ በሌላው ያው መለያ ቍጥርና የፈተና ውጤት ይጻፋል። ኮምፒዩተሩ ቍጥሩን ከቍጥሩ አስተያይቶ ሁለቱን ያገናኛል። ነገር ግን የሚያስተያየው ልክ በልክ ነው። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለእኛ አንድ ስም ናቸው፤ በኮምፒዩተር ውስጥ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር ስላለው ሁለት ልዩ ልዩ ስሞች ይሆናሉ።

እንግዲህ ልክ ያው የሆነውን ብቻ ሳይሆን የሚመስለውን ጭምር እንዴት መፈለግ ይቻላል? በዚህ ጥያቄ ከደከሙት ኢትዮጵያውያን አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ሳይንስ ያስተማሩት ዶክተር ሰሎሞን አጥናፉ ናቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር፥ በሊዮን ከተማ ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ምስልን በዳታቤዝ ውስጥ ስለ መፈለግ የሚናገር ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። በዳንግላ ገበያ ፈረስ የጠፋበት ሰው የፈረሱን ስም እየጠራ አይፈልግም፤ «ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት» እያለ መልኩን ይናገራል እንጂ። እንዲሁም የእያንዳንዱ ምስል ቀለምና ቅርጽ በቍጥር ተለክቶ ከምስሉ ጋር ይመዘገባል። ጥያቄ ሲመጣ በቍጥሮቹ መካከል ያለው ርቀት ይሰላል፤ ርቀቱ ያነሰው ይበልጥ ይመሳሰላል። ዶክተር ሰሎሞንና ባልደረቦቻቸው ሠንጠረዥን ከሠንጠረዥ በመመሳሰል ለማገናኘት የሚያስችል ስልት አጥንተዋል። በዚህ ዐይነት አሠራር አንድ ሐኪም የበሽተኛውን የራጅ ፎቶግራፍ ይዞ «ከዚህ በፊት ይህን የመሰለ ራጅ የነበራቸው እነማን ናቸው? በምንስ ታከሙ?» ብሎ መዝገቡን ሊጠይቅ ይችላል።

የመምህር ፍሬው በተማሪው ይታያል። ዶክተር ሰሎሞን በ2009 እ.ኤ.አ. ከአንድ ተማሪያቸው ጋር ስለ አማርኛ ጽሑፍ መፈለጊያ ጥናት አሳትመዋል። በእንዲህ ያለ መፈለጊያ፥ ድምፃቸው አንድ የሆኑት ፊደላት፥ ሀ፥ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ፥ አስቀድመው ወደ አንድ ይመጣሉ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የጠፉብኝ ሁለት ቀኖች ትዝ አሉኝ።

ሆኖም መመሳሰል አንድ መሆን አይደለም። የኃይሉ ልጆች ብዙዎች ነን፤ መዝገቡ የሚመስሉትን ሁሉ ቢያቀርብም፥ ማን ማን እንደ ሆነ የሚለየው መለያ ቍጥሩ ነው። ስለዚህ ጥሩ መዝገብ ሁለቱንም ይሻል፤ ፈላጊውን የሚረዳ መመሳሰልንና ሰውን ከሰው የማያደባልቅ ቍጥርን።

የአገራችን የአዊ ነገር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። አዊኛ በአማርኛ የሌለ ድምፅ አለውና «ጝ» በተባለው ፊደል ይጻፋል። ይህ ድምፅ ያለበት ቃል በአማርኛ መዝገብ ሲሰፍር በሌላ ፊደል ይተካል፤ በኋላም በትክክል የጻፈው ሰው ፈልጎ አያገኘውም። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ይህን ችግር ሊያየው አይችልም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ለጊዜው ስማችንን በየማስረጃው ሁሉ በአንድ ዐይነት ፊደል እንጻፍ። ነገ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ግን ከእኛ መካከል አንዳንዶቹ ይህን ጥበብ ይማሩት። የአያቶቻችንን ስም ሳያጠፋ የሚጠብቅ መዝገብ የሚሠራው ስሙን አስተካክሎ መጥራት የሚችል ሰው ነውና።