ጣና ላይ ጀልባ ለሚጀምር፦ ነጂዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት

ባሕር ዳር ወደብ ላይ ለጎብኚ የሚነገረው ሌላ ነው፤ ነጂዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ሌላ። ለጎብኚው ስለ ክብራን ገብርኤል፣ ስለ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ስለ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ይወራለታል። ነጂዎቹ የሚያወሩት ስለ ነፋሱ፣ ስለ ቤንዚኑና ማን በስንት ሰዓት እንደተመለሰ ነው። ጀልባ መያዝ ለመጀመር ካሰባችሁ የሚጠቅማችሁ ይኸኛው ወሬ ነውና ጆሯችሁን ወዲህ አቅርቡ።

አንደኛ ነገር፣ ጀልባ መንዳት ከባድ አይደለም። ሰፊ ውሃ ላይ ሞተር ይዞ ወደፊት መሄድን ማንም ሰው በአንድ ጠዋት ይለምደዋል። ሙያው ያለው ከመነሳት በፊት፣ ዳር ሲያስጠጉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ “ዛሬ አይወጣም” በሚባልበት ሰዓት ነው። ጀማሪ ልቡ ያለው መሃሉ ላይ ነው፤ አደጋው ግን ጫፍና ጫፉን ይዞ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ጀልባ ለመግዛት አትቸኩሉ። ለሽርሽር የምትከፍሉትን ያንኑ ሒሳብ ክፈሉና መቀመጫችሁን ብቻ ቀይሩ። ጎብኚ ከፊት ይቀመጣል፤ እናንተ ከኋላ፣ ከነጂው ጎን ሁኑ። ሳትነሱ “ወንድሜ፣ ዛሬ የመጣሁት ገዳም ለማየት ሳይሆን አያያዙን ካንተ ለመማር ነው” በሉት። አብዛኛው ነጂ ደስ እያለው ያሳያችኋል። ዓመቱን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ስለ ሙያው የሚጠይቀው የለምና።

ቀጠሮውን ለጠዋት አድርጉት፤ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደቡ ላይ ብትገኙ አልረፈደም። ጣና ጠዋት ሲያዩትና ከሰዓት በኋላ ሲያዩት አንድ ሐይቅ አይመስልም። ፀሐይ በረታ ስትል የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ ከሐይቁ ላይ ቀዝቃዛው ነፋስ ቦታውን ሊይዝ ወደ ዳር ይነፍሳል። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር ያህል ነው። ጥልቀት በሌለው ሰፊ ውሃ ላይ የሚነሳ ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱ መትቶ ሳይጨርስ ሌላው ይደርሳል። ሞገድ ከመጣ ጎናችሁን አትስጡት። ፍጥነት ቀንሳችሁ የጀልባውን አፍንጫ በሰያፍ አግጥሙት። በክረምት ከሆነ ደግሞ ደመናው ከሩቅ ሲጠቁር ነው መመለስ፤ ነጎድጓዱ እስኪሰማ የሚጠብቅ ነጂ ዘግይቷል።

ጀልባው ውስጥ ስትገቡ ጠርዙን አትርገጡ፤ ዝቅ ብላችሁ፣ በእጅ ይዛችሁ፣ መሃሉን ርገጡ። ላይፍ ጃኬቱ ከመቀመጫ ሥር ታጭቆ ከሆነ አስወጡና ልበሱት፤ ማሰሪያውን ቆልፋችሁ ሰው ከትከሻው ወደ ላይ ይሳበው። ጆሯችሁ ድረስ ከወጣ ሰፍቷችኋልና ሌላ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ነውር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነጂው ግን በልቡ ያከብራችኋል።

ሞተሩን በተመለከተ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን አያገኝም፤ በየ300 ሜትሩ ከመቶ 3 ያህል ይቀንስበታል። ክዳኑ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር እዚህ የሚሠራው እንደ 33 ነው። ለዚህ ነው “ሁለት ሰው ብንጨምር ምን አለበት?” የሚለው ልመና ነጂውን የሚያስጨንቀው። የተጫነ ጀልባ በደካማ ሞተር ሞገድ ፊት ላይ ይዘገያል፤ የዘገየ ጀልባ ደግሞ ውሃ ይቀበላል።

ሞተሩ ሲነሳ ከጎኑ ቀጭን ውሃ ፊን ብሎ ይወጣል። ያንን ዓይናችሁ እንዳይለየው። ሞተሩ ከሐይቁ ውሃ ስቦ ራሱን እያቀዘቀዘ መሆኑን የምታውቁት በእሱ ነው። ውሃው ከቆመ ወዲያው አጥፉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በጣና ላይ መኖሩ በ2011 እ.ኤ.አ. የተረጋገጠው የእንቦጭ አረም ነው። ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ የውሃ መሳቢያውንም ይደፍናል። ሞተሩ መጥፋቱን አረጋግጡ፣ ከውሃው አውጡትና በእጅ አጽዱ። በግድ ላስኪደው ማለት ሞተሩን ማቃጠል ነው።

አሁን ወደ ማስጠጋቱ እንምጣ፤ ሙያ የሚታየው እዚህ ነውና። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለበት ዘጌ ስትደርሱ ነጂው የሚያደርገውን አስተውሉ። ገና ከሩቁ ጋዙን ይቀንሳል። መጀመሪያ የሚያየው ማረፊያውን ሳይሆን ዳር ያለውን ደንገል ነው፤ ወዴት እንደሚያዘነብል አይቶ ነፋሱን ያውቃል። ከዚያ ዞሮ ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላል። ጀልባ ፍሬን የለውም፤ ፍሬን የሚሆነው ነፋሱ ነው። ጥቂት ሜትር ሲቀረው ማርሹን ፍሪ ያደርጋል፤ ጀልባው በራሱ ግፊት ይንሸራተታል። በመጨረሻ ኋላ ማርሹን ለቅጽበት ነካ ያደርግና ያቆመዋል። ረዳቱም ገመዱን ይዞ ተራምዶ ይወርዳል እንጂ አይዘልም።

እጀታውን ሲሰጧችሁ ወደ ግራ ስትገፉት ጀልባው ወደ ቀኝ ይዞራል። የሚዞረውም እንደ መኪና ከፊት ሳይሆን ኋላው ተገፍቶ ነው። ስለዚህ ከማረፊያ ስትርቁ ኋላችሁ ድንጋዩን እንዳይመታ አስቡ። ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀም ኋላውን ከሰውየው አርቁ፤ ስትቀርቡት ሞተሩን አጥፉ። ሰው የሚጎዳው ፕሮፔለሩ ነው።

ዳር ዳሩን በየዓመቱ እንደ አዲስ ተማሩት። ሐይቁ ክረምቱ ሲያልቅ ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል፤ ያኔ አምና ውሃ የሸፈነው ድንጋይ ብቅ ይላል። በ2003 እ.ኤ.አ. የውሃው ወለል ከ1,785 ሜትር በታች ወርዶ የሐይቁ መርከቦች ለአራት ወራት ያህል መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ካያችሁ ራቁት፤ በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከልም በፍጹም አትግቡ።

በሞተር ሳትቸኩሉ አንድ ጠዋት ታንኳ ላይ እንድታሳልፉ ከልቤ እመክራችኋለሁ። የደንገል ታንኳ የሚያስተምረውን ሞተር አያስተምርም። ከኋላ ተቀምጣችሁ ረጅሙን ዘንግ መሃሉን ይዛችሁ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ስታጠልቁ ክብደታችሁ የት እንዳለ ገላችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ትንሽ ስታጋድሉ ታንኳው ይመልስላችኋል። ይህን በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች በልጅነታቸው ይማሩታል፤ ደንገሉን አስሮ ታንኳ የመሥራቱ ጥበብም በእነሱ እጅ የኖረ ነው። ዳር ስትደርሱ ታንኳውን ከውሃ አውጥታችሁ ለፀሐይ ስጡት። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣም ይከብዳል። በ1969 እ.ኤ.አ. ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ለማቋረጥ ከጣና ባስመጣው ደንገል ያሠራት “ራ” የተባለች ጀልባ የኋላ ክፍሏ ውሃ ውስጥ እየሰመጠ ካሰበችበት ሳትደርስ ቀርታለች።

የመጨረሻውን ነገር ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልንገራችሁ። ነጂው “ጋሼ፣ ዛሬ ነፋሱ ጥሩ አይደለም፣ ይቅርብን” ሲላችሁ “ከሩቅ አገር መጥቼ?” አትበሉት። ጥቂት ጨምራችሁም አታባብሉት። ካልወጣ የዕለት ገቢ የለውም፤ ቤቱ የሚጠብቀው ልጅ አለው። ስለዚህ የለመነውና የጨመረለት ሰው ካገኘ፣ እያወቀ ይወጣል። ጣና ላይ ብዙ ጭንቅ የሚመጣው ነጂው ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን እንዲህ ተገፍቶ ነው። ይህን ሊቀይር የሚችለው ደንበኛው ነው። ስትቀጥሩት አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ ነፋስ ተነስቶ ባንወጣም የዋጋውን እኩሌታ እከፍልሃለሁ በሉት። ያን ጊዜ እውነቱን ሳይፈራ ይነግራችኋል፤ በማግስቱም ጠዋት ሲያስተምራችሁ ምንም አይደብቃችሁም።