ለማታ የሚቀመጥ ልብስ

ልጆችዎ «ሁልጊዜ ላንጋኖ ብቻ ነው እንዴ የምንሄደው?» ብለው ጠይቀውዎት ያውቃሉ? የእኛዎቹ ጠየቁን። ስለዚህ ባለፈው ነሐሴ ድንኳን ተከራይተን፣ ድስትና ከሰል ጭነን፣ ጸልየን ወደ ባሌ ተራሮች ተነሣን። ወሩን የሰማ ሁሉ «አብዳችኋል?» አለን። አላበድንም፤ ልጆች ከትምህርት፣ ባለቤቴም ከሥራ የሚያርፉት ያኔ ነው። እርስዎ መምረጥ ከቻሉ ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይሻልዎታል።

መንገዱ ከሻሸመኔ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አልፎ ዲንሾ ያደርሳል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። በጥዱና በኮሶው መካከል የደጋ አጋዘኖች ቆመው ስናይ ልጆቹ ዝናቡን ረስተው ከመኪና ዘለሉ። እኔ ያየሁት ጫማቸውን ነው።

ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደረቅ ብርድ ቢሆን ጋቢ ይበቃ ነበር። የረጠበ ልብስ ግን የሰውነትን ሙቀት እየመጠጠ ይወስዳል። ጋቢ እወዳለሁ፤ ነገር ግን ጥጥ ነው፤ ከራሰ ሸክም እንጂ ልብስ አይደለም። ጂንስም እንደዚያው። ከበግ ጠጉር የተሠራ ሹራብ ቢርስም እንኳ ጥቂት ያሞቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ካልሲን ጨምሮ አንድ ሙሉ ቅያሪ በሁለት ፌስታል ቋጥረው ያስቀምጡ። ያ ልብስ የማታ ነው። ቀን ቀን ማንም ቢለምንዎት አይፍቱት።

እኔ ፈታሁት። ትንሿ ልጄ ዲንሾ በደረስንበት ማታ ርሳ ስለነበር ለብሳው አደረች፤ ጠዋትም ሌላው ስላልደረቀላት ያንኑ እንደ ለበሰች ወደ ሳነቴ ወጣን።

ከጎባ በላይ መንገዱ በአስታው መካከል ይወጣና 4,000 ሜትር ላይ ገላጣው ሜዳ ይከፈታል። ጅብራው እዚህም እዚያም ቆሟል፤ አንድ ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አድፍጦ አየን። መኪናውን ዋናው መንገድ ዳር አቁመን 4,377 ሜትር ወደሚደርሰው ወደ ቱሉ ዲምቱ በእግር ጀመርን። ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። መንገዱን ሁሉ ስትለፈልፍ የነበረችው ልጄ ዝም አለች። ተደናቀፈች፤ ጃኬትሽን ቆልፊ ብላት ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ባለቤቴ «እኮ ደረስን» አለ። «አልደረስንም፣ እንመለስ» አልኩት፤ ትንሽም ተነጋገርን፤ እንደ ጥንዶች። አንደበት ሲተሳሰር፣ እግር ሲንገዳገድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ሲያቆም ሰውነት እየተሸነፈ ነው፤ ያ እስኪመጣ አይጠበቅም።

መኪናው ውስጥ እርጥቡን ሁሉ አውልቀን፣ የእኔን ፌስታል ፈትቼ አለበስኳት፤ በሁለታችን መካከል አስገብተን ከፔርሙዙ ጣፋጭ ሻይ አጠጣናት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ «ርቦኛል» ስትል እኔ አለቀስኩ።

ያን ማታ ዲንሾ ዝናቡ አላባራም። ምስሩም አልበስል አለን፤ ከፍታ ላይ ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ጊዜ ይፈጃል። ታላቁ ልጄ የከሰል ምድጃውን አንጠልጥሎ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ፦ «እማዬ፣ ፍሙ ብቻ ነው፣ ጭስ የለውም፤ እናስገባው?» አባቱም ዝም ብሎ አየኝ። ብርዱ ያስመኛል፣ አልዋሽዎትም። ነገር ግን የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የሚሰማዎት ራስ ምታትና ድካም ነው፤ ተኝተው ሳለ ደግሞ ምንም ላይሰማዎት ይችላል። ዝናብ እንዳይገባ በሩ የተዘጋ ድንኳን ከጠባብ ክፍል አይለይም። አመድ የለበሰ ፍምም ቢሆን አይግባ። እኛ ውኃ አሙቀን በላስቲክ ጠርሙሶች ሞላንና ካልሲ አልብሰን በየእግራችን ሥር አደረግን።

ጠዋት ትንሿ እጅጌው ከእጇ በላይ የተንዘላዘለውን ሹራቤን እንደ ለበሰች ወጥታ፣ ቱሉ ዲምቱን መቼ እንደምንጨርስ አባቷን ጠየቀችው። «በጥር፣ ከፈተና በኋላ» አላት። ወደ እኔ ዞር ብሎም ፌስታሉን ራሱ እንደሚቋጥር ነገረኝ።